የኮስታራ ፊቶች ደብተር

«ቲቸር ወደ ጌታ ሄዱ» የሚለው መልእክት በቴሌግራም ሲደርሰኝ ባጃጅ ውስጥ ነበርኩ፤ ከፍራንኮ ሰፈር ወደ ቤት እየሄድኩ። የላከችው ድሮ በአንድ የስፌት መስመር አብራን ትሰፋ የነበረች ልጅ ናት። ከመልእክቱ ሥር ፎቷቸው አለ። የአዳማ ነፋስ አቧራውን እያፈሰ ባጃጁ ውስጥ ሲሞጅረው ዓይኔን መጨፈን ነበረብኝ፤ አልጨፈንኩም። ፎቶው ላይ ይስቃሉ። የቁጡ ፊቶችን ስም በሦስት ቋንቋ ሲለቅሙ የኖሩ ሰው፣ ራሳቸው ተቆጥተው ያየሁበት አንድ ቀን ትዝ አላለኝም።

ሾፌሩ በመስተዋቱ አየኝና «እህት፣ ደህና ነሽ?» አለኝ። ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም። ቲቸር ቢኖሩ ያውቁት ነበር።

ቲቸር ታደሰ ከአዳማ ብዙም በማትርቀው በደራ ከተማ ለብዙ ዓመታት እንግሊዝኛ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከዚያ በኋላ ከአዳማ ዳር ባለ አንድ የልብስ ፋብሪካ አስተርጓሚ ሆነው ተቀጠሩ። የውጭ አገር አለቆቻችን የራሳቸው ቋንቋ ሌላ ነው፤ እኛን የሚያናግሩን በተበደሩት እንግሊዝኛ ነው። እኛ የምንመልሰው ግማሻችን በአማርኛ፣ ግማሻችን በኦሮምኛ ነው። በመሃል ቲቸር አሉ። በዚያ ሙቀት አመድማ ኮታቸውን አያወልቁም። ጠዋት በየማሽኑ መሃል እያለፉ «አካም ጅርቱ፣ እንደምን አደራችሁ» ይላሉ፤ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ፣ ማንም እንዳይቀርበት።

ኮታቸው ኪስ ውስጥ ጥቁር ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር አለ። ገጹ በማስመሪያ ለሦስት ተከፍሏል፦ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ እንግሊዝኛ። በየረድፉ አንድ የተቆጣ ወይም የከፋው ፊት ስም ተጽፏል። እኔ ያን ጊዜም ዛሬም ኮሌታ ሰፊ ነኝ፤ ማንም ሳያስተምረኝ በካርቶን ቁራጭ ላይ ግጥም እጽፋለሁ። ያን ደብተር ሳየው ቀናሁ። ሰው ለግንባር መቋጠር አንድ ሙሉ ገጽ ይሰጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ፣ የምሳ ዕቃችንን ይዘን ከመመገቢያው ጀርባ ጥላ ስንቀመጥ፣ እሳቸው ቆመው ያስተምሩን ነበር። ያዘዛቸው የለም። የሰው ኃይል ቢሮ ኃላፊዋ እንዲያውም «ቲቸር፣ ሠራተኛ ሰብስበው ምንድን ነው የሚያወሩት?» ብላ ሁለት ጊዜ አስጠንቅቃቸዋለች። ውላቸው በየስድስት ወሩ ነው የሚታደሰው፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

«ፍራውን!» ይላሉ ግንባራቸውን ቋጥረው። «ይሄ ቁጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሚያስብም ይቋጥራል፣ ፀሐይ የመታውም ይቋጥራል። ቶሎ አትፍረዱ። ስካውል!» ፊታቸው ጭፍግግ ይላል። «አሁን ግን ዣንጥላ ያዙ።»

«ቲቸር፣ ይሄማ የአከራዬ ፊት ነው!» ትላለች ትዕግስት፣ የመስመራችን ተረበኛ።

«ስኒር!» ከንፈራቸውን በአንድ በኩል ገልበጥ ያደርጋሉ። «ይሄ ንቀት ነው፤ ከጥፊ ይብሳል። ግሌር!» ዓይናቸውን ያፈጣሉ። ፊታቸው ለዚህ አልተፈጠረም። ሲያፈጡ መነጽር የጠፋበት ሰው ነው የሚመስሉት፤ በሳቅ እንፈርሳለን።

«ግልምጫስ ቲቸር? በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?»

ደብተሩን ገልጠው ያሳዩናል። በአማርኛው በኩል «ግልምጫ» ተጽፏል፤ በእንግሊዝኛው በኩል ገጹ ነጭ ነው። «ይህን ቃል ስፈልግ ሸበትኩ። ዓይናቸውን አዙረው የሚያዩበት አላቸው። እንደ እኛ ግን ሰውን ከራስ ጸጉር እስከ እግር ጥፍር ጠርጎ የሚያወርድ አላገኘሁም።»

«ታዲያ የእንግሊዝ ሴት ጎረቤቷን በምን ታበሽቃለች?»

«ድመቷን ትለቅባታለች» ይላሉ ቲቸር፣ ሳይስቁ።

ትምህርቱ ለጨዋታ ብቻ አልነበረም። የምርት አለቃው አማርኛችንን አይሰማም፣ እኛም እንግሊዝኛውን ከጥቂት ቃል በላይ አንሰማም። ቀኑን ሙሉ የምናነበው ፊቱን ነው። ስም ከተማርን በኋላ ፍርሃታችን ቀለለ። «ዛሬ ፍራውን ብቻ ናት» ትለናለች ትዕግስት ከወዲያ በኩል፤ ትከሻችን ወረድ ይላል። «ስካውል መጣ!» ካለች ደግሞ አንገታችንን ማሽኑ ላይ እንቀብራለን። ቲቸር አንድ ነገር ይደጋግሙብን ነበር፦ «ፊት ደብዳቤ ነው። አድራሻው ለማን እንደሆነ ሳታዩ አትክፈቱት።»

ደብተሩን ለምን እንደጀመሩት አንድ ቀን ብቻዬን ሳለሁ ነገሩኝ። ደራ ሳሉ፣ ትምህርት እየሰጡ፣ አንድ ተማሪ ፊቱን ያጣምምባቸዋል። እንዳላገጠባቸው ቆጥረው አስወጡት፤ ወላጅም አስጠሩ። አባቱ ልጁን በሰው ፊት በአለንጋ ገረፈው። በኋላ ሲጣራ ልጁ ጥርሱን ታሞ ነበር። ጉንጩ ሲያብጥ ነው የታየው።

«ግሪሜስ ይባላል» አሉኝ። «የሕመም ፊት ነው። ቃሉን አውቀው ነበር እኮ ማሂ። አስተምረው ነበር። ፊቱን ሳየው ግን ጠፋኝ።»

ከመስመራችን ልጆች ቦንቱን ነበር አብልጠው የሚወዱት። ከደራ ወጣ ካለች የገጠር ቀበሌ የመጣች፣ እጇ ፈጣን፣ አፏ ቁጥብ ልጅ ናት። ከእኔ ቀጥሎ ያለው ማሽን የእሷ ነው። ታላቅ ሲያናግራት መሬት ታያለች፤ እንዲህ ነው ያሳደጓት። እንዲህ ነው ሁላችንንም ያሳደጉን፤ እሷ ግን ከማናችንም ይልቅ ይዛው ቀርታለች።

ልብስ ፋብሪካ ውስጥ መርፌ ከተሰበረ ስብርባሪው ሁሉ ተለቅሞ፣ ወረቀት ላይ በፕላስተር ተለጥፎ ይመለሳል። አንዲት ቁራጭ ከጎደለች መስመሩ በሙሉ ይቆማል፤ ልብሱ ውስጥ ቀርታ የሰው አንገት እንዳትወጋ ነው። አንድ ቀን የቦንቱ መርፌ ተሰብሮ ጫፉ ጠፋ። አለቃው መጥቶ ጠየቃት። አቀረቀረች። ደግሞ ጠየቃት፤ ይበልጥ አቀረቀረች። «ትዋሻለች፤ ዓይኔን ማየት አልቻለችም» አለ። ቁራጩ ከማሽኑ እግር ሥር ተገኘ፤ ማስጠንቀቂያው ግን ፋይሏ ውስጥ ገባ።

በማግስቱ ቲቸር ምሳቸውን ሳይበሉ መጡ። «እኛ ጋ ማቀርቀር ክብር ነው፣ እነሱ ጋ ጥፋተኝነት ነው» አሉ። «ሌላ ማስጠንቀቂያ አትችይም። ኦል ኢላሊ፣ ኢንተላ ኮ። ቀና በይ ልጄ።»

ቦንቱ ፈገግ ብላ መሬት አየች።

«ማሂን አለቃው ነው በያት። እያት። ዓይን ዓይኗን። እስከ ሦስት ቁጠሪ፣ አታርገብግቢ፣ ከዚያ መልሺ።»

ቀና አለች። ሁለት ሳይደርስ በሳቅ ፈረስን። ደገመችው። በአራተኛው ዓይኗ እንባ ሞላ። «ቲቸር፣ አባቴን እንኳ እንዲህ አይቼው አላውቅም።»

«አባትሽ አይደለም።»

«ነውር ነው ቲቸር።»

«አውቃለሁ። እኔ ፈቅጄልሻለሁ። ነውሩ በእኔ ይሁን።»

ይህን ቃል ሲናገሩ እኔም ትዕግስትም ሰምተናል።

ሁለት ሳምንት አልሞላም። ከምሳ በፊት የቦንቱ ማሽን ጧ ብሎ ቆመ። መርፌ። አለቃው ሁለት ማሽን እልፍ ብሎ ቆሞ ነበርና ወዲያው ደረሰ። ያን ቀን ፊቱን ለመሰየም ትዕግስት አላስፈለገችንም። ወረቀቱን አንስቶ ቁራጮቹን ገጣጠመ፤ ጫፉ የለም። ጮኸ። ቦንቱ ቀና አለች። ዓይኗን ከዓይኑ ላይ ተከለች። ግንባሯ ተቋጥሯል፣ ጥርሷ ተነክሷል፣ አታርገበግብም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራትም አለፈ። ሰውየው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ሠላሳ ሴት እያየው ወደ ኋላ አለ።

በማግስቱ የሰው ኃይል ቢሮ ተጠራን። አለቃው፣ ኃላፊዋ፣ ቦንቱ፣ ለማስተርጎም ቲቸር፣ እና ምስክር እኔ፤ አጠገቧ የምቀመጠው እኔ ነኛ። ቦንቱ ግራ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከትታለች። ቀና በይ የተባለችው ልጅ መሬት መሬት ታያለች።

ኃላፊዋ «ምን አደረገች? ያየሽውን ተናገሪ» አለችኝ።

«አፈጠጠችበት» አልኩ።

ቲቸር እስክሪብቷቸውን አንስተው አዩኝ። ቀስ ብለው ጠየቁኝ፦ «አፈጠጠችበት ነው ያልሽው ልጄ፣ ወይስ አየችው?»

አሁን ሳስበው በር እየከፈቱልኝ ነበር። ያን ጊዜ ግን ፈተና መሰለኝ። ስንት ቀን ያስተማሩኝ ቃል! ትክክለኛውን ቃል የማውቅ እኔ መሆኔን እንዲያዩልኝ ፈለግሁ። «አፈጠጠችበት። ግንባሯን ቋጥራ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ሳታርገበግብ» አልኩ። ዓረፍተ ነገሩ አምሮልኛል ብዬም ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን ደስ ብሎኛል።

ቲቸር ተረጎሙት። «ግሌር» የሚለውን ቃል ከእንግሊዝኛው መሃል ለይቼ ሰማሁት።

አለቃው ወደ እሳቸው ዞረ። በእናንተ ባህል፣ አለ፣ ልጅ ታላቁን እንዲህ ካየ ምን ማለት ነው?

ያስተማርኳት እኔ ነኝ ለማለት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃቸው ነበር። ኃላፊዋ ታያቸዋለች። ሁለት ጊዜ ያስጠነቀቀቻቸው ኃላፊ። ቲቸር ኮታቸውን ነካ አድርገው በእንግሊዝኛ መለሱ፤ ከዚያ ግዴታቸው ነውና ለእኛም በአማርኛ ደገሙት። «ንቀት ነው አልኩት።»

እውነት ነው። ባህሉ እንደዚያ ነው። ቦንቱ ያን ጊዜ ብቻ ቀና ብላ አየቻቸው፤ ወዲያው መልሳ አቀረቀረች። የስንብት ደብዳቤዋ «አለቃን በመናቅና በማስፈራራት» ይላል። እኔም አንብቤላታለሁ፤ አንብቢልኝ ብላኝ። ያን ደብዳቤ የያዘ ሰው በአካባቢያችን ያለ ፋብሪካ በር ላይ እንኳ አያቆሙትም።

የጠፋው የመርፌ ጫፍ አልተገኘም። የተሰፋው ሁሉ ተፈትቶ ተፈተሸ፤ የለም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው ትዕግስት ከደራ ወሬ ይዛ የመጣችው። የቦንቱ ጣት አብጦ፣ ጠቁሮ፣ ጤና ጣቢያ ሲከፍቱት ከሥጋዋ ውስጥ የመርፌ ጫፍ ወጣ። ግራ ሌባ ጣቷ ከእንግዲህ አይታጠፍም። ያን ቀን መርፌው ጣቷን ወግቶ ውስጥ ተሰብሮ፣ ልብሱን በደም እንዳታበላሽ እጇን ከጠረጴዛው ሥር በጨርቅ ጨምቃ ይዛ ነበር ቀና ያለችው። ለምን አልተናገረችም? ማን ጠየቃት? ቢሮው ውስጥ ስለ ፊቷ ነው የተነጋገርነው። እኔ ደግሞ ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጬ ግንባሯን፣ ጥርሷን፣ ሽፋሽፍቷን ሳይቀር አይቼ እጇን አላየሁም።

ቲቸር ወሬውን ሲሰሙ የምሳ ዕቃቸውን ክዳን መልሰው ገጠሙ። «ግሪሜስ ነበር» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲያ ከመመገቢያው ጀርባ ትምህርት አልነበረም።

በዚያው ሳምንት ሚኒባስ ተሳፍረው ደራ ሄዱ። የሆነውን ሲመለሱ ነገሩኝ። የቦንቱ እናት ወንበር አወጡላቸው፣ እርጎ አቀረቡላቸው። ቲቸር እርጎውን ሳይነኩ ሁሉን ተናገሩ። እናትየው እስኪጨርሱ ሰምተው «ልጄን ቀና በይ ያሏት እርስዎ ነዎት?» ብለው ጠየቁ። አዎ አሉ። «ቀና ስትል ደግሞ ንቀት ነው ያሉት እርስዎ ነዎት?» አዎ አሉ።

«ከዚያስ?» አልኳቸው።

«ከዚያ አዩኝ» አሉ ቲቸር። ደብተሩን አውጥተው ገለጡት። አዲስ ረድፍ ላይ «የቦንቱ እናት» ብለው ጽፈዋል፤ ሦስቱም ዓምዶች ባዶ ናቸው።

ቲቸር ለፋብሪካው ደብዳቤ ጻፉ። አንድ ገጽ፣ በእንግሊዝኛ፤ ከጀርባው በአማርኛ። ቃሉን ለማረም ምስክሯም መፈረም አለባት፤ ከሥር ስሜን ጽፈው መስመር አስምረውልኛል። በፋብሪካው በር ላይ ሰጡኝ። ሠራተኞች በአጠገባችን ያልፋሉ፤ ኃላፊዋም ታልፋለች። አጥፌ መለስኩላቸው። «ነገ እፈርማለሁ ቲቸር» አልኩ።

«እሺ ልጄ፣ ነገ» አሉ።

ለብቻቸው ፈርመው ቅጂውን አስገቡ። ምስክሯ ቃሏን አልቀየረችም ተብሎ ተመለሰላቸው። ውላቸው ሲያልቅም አልታደሰም። ከዚያ በኋላ ገበያ ላይ ሁለቴ፣ ሦስቴ ተገናኝተናል። ስለ ግጥሜ ጠየቁኝ። «ዓይንሽ ጥሩ ነው፤ ችኮላሽን ብቻ ያዝ አድርጊው» አሉኝ። ስለ ደብዳቤው አንድም ቀን አላነሱብኝም። ቢገላምጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በለቅሶው ድንኳን ውስጥ የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች ቀስ ብለው ይዘምራሉ። ልጃቸው ሩት ስሜን ጠይቃ ወደ ቤት አስገባችኝ። «ማሂ ማለት አንቺ ነሽ? አባቴ ይህን ለማሂ ስጪ ብሎኛል» ብላ ጥቁሩን ደብተር ሰጠችኝ። ውስጡ ደብዳቤው አለ። ከስሜ በላይ ያለው መስመር ባዶ ነው።

ቅዳሜ ባቱ ሄድኩ። ቦንቱ እዚያ አበባ እርሻ ውስጥ በቀን ሠራተኛነት ቅጠል ትለቅማለች፤ ጣቷ መቀስ አይዝላትም። ከመናኸሪያው ጋሪ ይዤ በሩ ላይ ደረስኩ፤ በምሳ እረፍቷ ወጣች። ባደረገችው ጓንት ውስጥ የግራው ሌባ ጣት ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ማሂ! አንቺ ደግሞ ከስተሻል» አለችኝና ሳመችኝ። የቲቸርን መርዶ ሰምታለች። አጥር ጥግ ተቀመጥንና ከደብዳቤው ጀርባ ያለውን አማርኛ አነበብኩላት። «ቀና ብላ እንድታይ፣ ዓይኗንም እንዳታርገበግብ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ጣቷ ውስጥ መርፌ ነበረ። ያየነው የሕመም ፊት ነው። የቁጣ ብዬ የተረጎምኩት ስህተቴ ነው። ዝም ያልኩት ደግሞ ጥፋቴ ነው።»

ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። «ይቺ ባዶዋ ምንድን ናት?»

«የእኔ ናት።»

«አውቃለሁ» አለች። «ቲቸር እየደወሉ ይጠይቁኝ ነበር። "ደብዳቤው ምን ደረሰ?" ስላቸው "ማሂ ነገ ትፈርማለች" ይሉኛል። በደወሉ ቁጥር። እንዲያው "ነገ" ይላሉ።»

እስክሪብቶ አወጣሁ። ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ፈረምኩ። «ሰኞ እኔ ራሴ ቢሮው አስገባዋለሁ» አልኳት። «ቃሌን እቀይራለሁ።»

«ያባርሩሻል» አለች።

«ያባርሩኝ ይሆናል።»

ቦንቱ አየችኝ። ዓይን ዓይኔን፣ ሳታርገበግብ። ከሦስት በላይ ነው። ፍራውን አይደለም፣ ግሌር አይደለም፣ ይቅርታም አይመስለኝም። ስሙን መፈለግ ጀምሬ ተውኩት፤ ያልታጠፈ ጣቷን አየሁና አቀረቀርኩ።

«ኦል ኢላሊ» አለችኝ።

ቀና አልኩ።

ይህን የምጽፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ደብተሩ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ «የቦንቱ እናት» ከሚለው ሥር «ቦንቱ» ብዬ ጽፌ ሦስቱንም ዓምዶች ባዶ ትቻቸዋለሁ። ደብዳቤው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ነገ ሰኞ ነው።